ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር አፍ ሲያወጣ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሶፋው ሥር፣ ክዳኑ የተዘጋ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ስክሪኑ ተሰብሯል። ጥገና ቤት ስወስደው አዲስ ስክሪን ለመግጠም የጠየቁኝ ብር ላፕቶፑ ራሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው ብዙም አያንስም። ተሸክሜው ተመለስኩ። ያ ላፕቶፕ ዛሬ የቤተሰቡን ፎቶ ያስቀምጣል፣ ፊልም ወደየስልካችን ይልካል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ የሥራ ፋይሎቼን ግልባጭ ይይዛል።

ማብሪያውን ስትጫኑት አርባ ሰከንድ ያህል ዝም ይላል። ከዚያ በታናሽ እህቴ ድምፅ "ተነስቻለሁ" ይላል። ትንሽ ቆይቶ "ሁለት፣ ሦስት" ብሎ ይጨምራል። ሁለት ሦስት ምን እንደሆነ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። ይህን ሁሉ የሚያስደርገው ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት፣ ሁለት መቶ መስመር የማይሞላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስለ እሱ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስክሪኑ የሞተ ግን ልቡ ገና የሚመታ ላፕቶፕ በየቤቱ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ያሳዝነኛል።

ብዙ ሰው ሞኒተርንና ኮምፒውተርን አንድ አድርጎ ያያል። ስክሪኑ ከጠቆረ "ኮምፒውተሩ ሞተ" እንላለን። የሚያሰላው ግን ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሚያስታውሰው ራሙና ዲስኩ ነው። ስክሪኑ ውጤቱን የምናይበት መስኮት ነው። መስኮቱ ቢደፈን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሥራውን አያቆምም። በየመረጃ ማዕከሉ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው የሚሠሩት ሰርቨሮች አብዛኞቹ የራሳቸው ሞኒተር የላቸውም። ስልካችሁ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች ከጀርባ የሚያናግሩት እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ነው። እቤታችሁ ያለው የዋይፋይ ራውተርም እኮ ኮምፒውተር ነው። ሞኒተር ኖሮት ያውቃል?

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ ሲወለድ ፕሮግራመሮቹ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት ቴሌታይፕ በሚባል፣ የጽሕፈት መኪና በሚመስል መሣሪያ ነበር። ትእዛዙን ይመታሉ፤ መልሱ በጥቅል ወረቀት ላይ እየተመታ ይወጣል። በዘመኑ በጣም የተለመደው ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ነበር የሚያትመው። የዩኒክስን ፈለግ የተከተለው፣ የኔም ላፕቶፕ የሚሠራበት የሊኑክስ ሲስተም ብዙዎቹ ትእዛዞች ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ መሆናቸው ገርሟችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲያ በሚንቀራፈፍ ማሽን ረጅም ቃል መጻፍ ማንም አይፈልግም። ሊኑክስ ዛሬም ተርሚናሉን "ቲቲዋይ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቴሌታይፕ ከሚለው ስም የቀረ ነው።

አሁን የዚያን ወረቀት ቦታ የያዘው ኤስኤስኤች ነው። ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ላፕቶፕ ሆናችሁ፣ በኔትወርክ በኩል፣ ሩቅ ያለውን ኮምፒውተር በጽሑፍ የምታዙበት መንገድ ነው። የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ። የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው ፓስዎርዶችን ሲያጠምድ ከተደረሰበት በኋላ ነበር። ቀድሞ የነበረው ቴልኔት ፓስዎርድን ሳይሸፍን ገላልጦ ይልክ ነበርና ማጥመድ ቀላል ነበር። ኤስኤስኤች መስመሩን ቆልፎ ነው የሚያወራው።

ታዲያ ኤስኤስኤች ካለ የኔ ፕሮግራም ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ብዙ ጓደኞቼ ጠይቀውኛል። እኔም ለራሴ በደንብ የመለስኩት ብዙ ከተቸገርኩ በኋላ ነው።

ኤስኤስኤች ለኮምፒውተሩ ጆሮ ይሰጠዋል። ስትጠሩት ይሰማል፣ ስትጠይቁት ይመልሳል። ራሱ ተነስቶ ግን አይናገርም። ስክሪን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምስል ይመጣል፤ ተነስቷል ማለት ነው። ዋይፋይ ካልያዘ ጥግ ላይ ምልክት ይታያል። ባትሪ ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ስክሪኑ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ይሄ ነው። ማብሪያውን ትጫኑና ትጠብቃላችሁ። ተነሳ? አልተነሳም? ተነስቶ ኔትወርክ አጣ? ወይስ መሃል ላይ ቆሞ ጥያቄ እየጠየቃችሁ ነው? በኤስኤስኤች ልትጠሩት ብትሞክሩ መልስ የለም፤ ለምን እንደሌለ የሚነግራችሁም የለም። ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር የጎደለው ጆሮ ሳይሆን አፍ ነው። ፕሮግራሟም አፍ ናት።

አድራሻውን መናገር

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የት እንዳለ ነው። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ራውተሩ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ፔንሲዮን የገባ እንግዳ የክፍል ቁጥር እንደሚሰጠው ማለት ነው። ዛሬ 192.168.1.23 ይሆናል፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ 192.168.1.31 ሊሆን ይችላል። በኤስኤስኤች ለመግባት ይህ ቁጥር ያስፈልጋል። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ "ለዚህ ማሽን ሁልጊዜ ይህን ቁጥር ስጥ" ብሎ ማስያዝ ይቻላል። ማሽኑን በስም መጥራትም ይቻላል፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብና "ሎካል" የሚል ቃል ተጨምሮበት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ስሙ አልጠራ ባለ ቀን ግን ጨለማ ውስጥ ናችሁ። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲናገር አደረግሁ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ፓይተንን "የዚህ ማሽን ስም አድራሻው ማን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ደቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ብዙ ጊዜ 127.0.1.1 ብሎ ይመልሳል። የኔም ላፕቶፕ የመጀመሪያ ቀን ኩራት በተሞላበት ድምፅ ይህንኑ ነገረኝ። በ127 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ "እኔው ራሴ" ማለት ነው፤ ማሽኑ ከራሱ ጋር ሲያወራ የሚጠቀምበት ነው። አንድን ሰው "የት ነህ?" ብላችሁት "እዚህ ነኝ" እንደሚላችሁ ዓይነት መልስ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን አይረዳም።

መፍትሔው ጥያቄውን መቀየር ነው። ፕሮግራሟ ዩዲፒ በሚባል የመላኪያ ዘዴ ወደ ውጭ አድራሻ ለመላክ የምትዘጋጅ ትመስላለች። ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8። አንድም ነገር አትልክም። ሲስተሙ ግን "ወደዚያ ለመሄድ በየትኛው በር ልውጣ?" ብሎ ይመርጣል። ያኔ የተመረጠውን በር አድራሻ ትጠይቃለች፤ ትክክለኛው 192.168.1.23 ይመጣል። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ከራውተሩ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ይሠራል። ይህን ዘዴ ሳገኝ የተደሰትኩትን ያህል በሌላው የኮዱ ክፍል አልተደሰትኩም።

ቀጥሎ ድምፁ። ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚቀይር ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አማርኛም ይችላል። አነጋገሩ ግን የብረት ነው፤ እናቴ አንድ ጊዜ ሰምታው "ምን እያለ ነው?" አለች። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰብኩ። አይፒ አድራሻ ውስጥ ያሉት ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ አሥር ቁጥሮችና "ነጥብ" ናቸው። አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ። እህቴ ቁም ሣጥን ከፍታ፣ ልብሶቹ መሃል ገብታ፣ ስልኳ ላይ ቀዳችልኝ። ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል፤ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ከየቃሉ ፊትና ኋላ ያለውን ዝምታ ቆረጥኩ። ፕሮግራሟ አድራሻውን ፊደል በፊደል እየለቀመች የየቁጥሩን ድምፅ ታጫውታለች። ከአሥራ አንዱ ሌላ "ተነስቻለሁ"፣ "ኔትወርክ አላገኘሁም"፣ "መብራት ሄደ" እና "ልተኛ ነው" የሚሉ አራት ዓረፍተ ነገሮች ቀዳን።

ሙሉ አድራሻውን በየቀኑ መስማት ቶሎ ይሰለቻል። እኛ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሁልጊዜ 192.168.1 ናቸው። ስለዚህ እነሱ ካልተለወጡ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እንድትናገር አደረግሁ። "ሁለት፣ ሦስት" ያልኳችሁ እሷ ናት።

ሁለት ነገር አስቸግሮኝ ነበር። አንደኛው ጊዜ ነው። ፕሮግራሟ ከዋይፋዩ ቀድማ ትነሳና አድራሻ አጣሁ ብላ ትተዋለች። አሁን በየሦስት ሰከንዱ እየሞከረች እስከ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ነው "ኔትወርክ አላገኘሁም" የምትለው። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ዴስክቶፕ የሚባለው የምስልና የመስኮት ገጽታ የሌለው ሊኑክስ ስትጭኑ የድምፁ መጠን ተዘግቶ ሊጀምር ይችላል። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ተጠቃሚም ድምፅ መጠቀም ከተፈቀደላቸው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። እነዚህ ሁለቱ ካልተስተካከሉ ኮዱ ምንም ስህተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ይሠራል። ድምፅ ብቻ የለም።

መብራት ሲሄድ

የተሰበረ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑ ያኔውኑ ይሞታል፤ እየጻፈ ያለው ፋይል መሃል ላይ ይቆረጣል። ላፕቶፑ ግን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ፣ በሆዱ ይዞ ነው የተወለደው። ባትሪው አርጅቶ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ በሥርዓቱ ለመዝጋት ከበቂ በላይ ነው።

ሊኑክስ የባትሪውንና የቻርጀሩን ሁኔታ እንደ ተራ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ እያገኘ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ 1 ተጽፏል፤ ካላገኘ 0። ሌላ ፋይል ውስጥ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደቀረው አለ። ፕሮግራሟ በየሠላሳ ሰከንዱ ሁለቱን ታነባለች። 1 የነበረው 0 ሲሆን "መብራት ሄደ" ትላለች። ባትሪው ከ20 በታች ሲወርድ "ልተኛ ነው" ብላ ፋይሎቹን በወጉ ዘግታ ታጠፋዋለች። ስድስት ሰባት መስመር ኮድ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህንን እይዝ ነበር። ድንገተኛ መጥፋት ዲስኩ ላይ ያለውን ሊያበላሽ ይችላል፤ የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልናገር አላልፍም። የአሮጌው ላፕቶፕ ባትሪ አብጦ ከሆነ አውጡት። ከታች ያለው ክዳን ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም የማውሱ መዳሰሻ ካበጠ ምልክቱ ያ ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ማሽን ቀንና ሌሊት ቻርጀር ላይ ሰክቶ ሶፋ ሥር ማስቀመጥ አይገባም። ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ፣ እንደ ቲንክፓድ ያሉት ላፕቶፖች "ከመቶ 80 ሲደርስ መሙላቱን አቁም" ተብለው ሊታዘዙ ይችላሉ። ሁልጊዜ 100 ላይ ከማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ስልክ ላይ ያለችው ገጽ

መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው ያለ ኤስኤስኤች ሊያዝዘው መቻል አለበት። እናቴ ተርሚናል ከፍታ ትእዛዝ እንድትጽፍ አልጠብቅም። ስለዚህ ፕሮግራሟ ትንሽ የድር ገጽ ታቀርባለች። ስልካችሁ ያው ዋይፋይ ላይ ከሆነ ብሮውዘር ላይ አድራሻውን፣ ሁለት ነጥብና 8080 ጨምራችሁ ትጽፋላችሁ፤ ገጹ ይመጣል። ላዩ ላይ ባትሪው፣ የዲስኩ ቀሪ ቦታና ሙቀቱ ተጽፈዋል። ሙቀቱንም ሊኑክስ ፋይል ውስጥ ነው የሚጽፈው፣ በሺህ አባዝቶ። 48000 ካለ 48 ዲግሪ ማለት ነው። ከሥር ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አሉ፦ "እንደገና አስነሳ" እና "አጥፋ"።

የመጀመሪያው የ"አጥፋ" ቁልፌ ተራ ሊንክ ነበር። ማታ ከስልኬ ነክቼው አጠፋሁት። በማግስቱ ጠዋት አበራሁት፤ "ተነስቻለሁ" አለ። ስልኬን አንስቼ ብሮውዘሩን ከፈትኩ። ላፕቶፑ "ልተኛ ነው" ብሎ ጠፋ። እንደገና አበራሁት። እንደገና ጠፋ። ባትሪው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ ሙቀት ነው አልኩ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ማታ የነበርኩበትን የመጨረሻ ገጽ ራሱ መልሶ እየጫነ ነበር። ያ ገጽ ደግሞ የ"አጥፋ" ሊንክ ነው።

የድር አሠራር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። "ጌት" አሳየኝ ነው፤ "ፖስት" ደግሞ አድርግልኝ። ብሮውዘሮች "አሳየኝ"ን እንደፈለጉ ይደጋግሙታል፤ አንዳንዴም ትከፍቱታላችሁ ብለው ገምተው አስቀድመው ይጭኑታል። ማየት ምንም አይጎዳም ብለው ስለሚያምኑ ነው። "አድርግልኝ"ን ግን እናንተ ሳታዙ አይደግሙትም። ስለዚህ አንድ ነገር የሚለውጥ ቁልፍ ሁሉ በፖስት መሄድ አለበት። መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ በደንብ የገባኝ ግን ያን ቀን ጠዋት ነው። አሁን "አጥፋ" ሲነካ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎም ይጠይቃል።

ስለ ደኅንነቱ ጠንቀቅ በሉ። ኮምፒውተር የሚያጠፋ ገጽ ከሠራችሁ ያው ዋይፋይ ላይ ያለ እንግዳ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። ፓስዎርድ ይኑረው። ዋናው ነገር ግን ከስልኩ የሚመጣውን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ አለማስኬድ ነው። የኔ ፕሮግራም የምታውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ስልኩ ከሁለቱ አንዱን ቃል ይልካል፤ ቃሉ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚያስነሳ የሚወስነው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኮድ ነው። ሌላ ማንኛውም ነገር ከመጣ ይጣላል። ፕሮግራሟን በሙሉ ሥልጣን፣ ማለትም በሩት፣ አታስኪዷት። ተራ ተጠቃሚ ትሁንና ማጥፋትና ማስነሳት ብቻ፣ ለተራ ተጠቃሚ የተመረጠ ሥልጣን በሚሰጠው በሱዶ፣ ይፈቀድላት። ራውተሩ ላይ በር ከፍታችሁም ገጹን ለኢንተርኔት አታጋልጡ። ከውጭ መግባት ካስፈለገ እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን ይሁን።

ሳይነካ እንዲነሳ

ፕሮግራሟ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሷ መነሳት አለባት፤ ማንም ገብቶ ፓስዎርድ አይጽፍላትም። ይህን የሚያደርገው ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ነው። አሥር መስመር በማይሞላ ፋይል "ይህን ፕሮግራም አስነሳ፣ ከወደቀም መልሰህ አስነሳ" ትሉታላችሁ። ሲስተምዲ ላይ ሌላም የምታስተካክሉት ነገር አለ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሎግኢንድ የሚባለው ክፍል ማስተካከያ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ችላ በል ካላላችሁት፣ ሶፋ ሥር ስታስገቡት ያንቀላፋል።

ሊኑክሱን ለመጫን ለአንድ ቀን ስክሪን ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። በዚያው ቀን ኤስኤስኤች መሥራቱን ሳታረጋግጡ ገመዱን አትንቀሉ። ስትጭኑ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ልቆልፈው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። መቆለፉ ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በኋላ በተነሳ ቁጥር፣ ኔትወርክም ድምፅም ሳይኖረው ገና፣ ፓስዎርድ ጠይቆ ይቆማል። ላፕቶፕ ከሆነ ኪቦርዱ ስላለ በጭፍን ጽፎ ኢንተር መምታት ይቻላል። ኪቦርድ ያልተሰካበት ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ቆሞ ይቀራል።

ዴስክቶፕ ካነሳን አይቀር፣ ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ፣ መብራት ሲመለስ ራስህ ተነስ የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ኪቦርድ ካልተሰካ አልነሳም ብለው ይቆማሉ፤ ያንንም እዚያው ታስተካክላላችሁ። በኔትወርክ ገመድ የተገናኘ ከሆነ ከሩቅ ማስነሳትም ይቻላል። የሚላከው መልእክት 102 ባይት ነው፤ መጀመሪያ 255 የሚለው ቁጥር ስድስት ጊዜ፣ ቀጥሎ የማሽኑ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ። የተኛው ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርዱ ብቻ ነቅቶ ይህን ስሙን ይጠብቃል። ፓይተን ላይ አምስት መስመር ቢፈጅ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ የሌለው ራስበሪ ፓይን ያስብ። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2012 በ35 ዶላር መሸጥ የጀመረችው ይህቺ የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ያለ ሞኒተር እንድትነሳ ማድረግ ይቻላል። ካርዱን በራስበሪ ፓይ ኢሜጀር ስታዘጋጁ የዋይፋዩን ስም፣ ፓስዎርዱንና ኤስኤስኤችን እዚያው ትሞላላችሁ። ፓይ 5 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የላትም፤ ድምፅ ከፈለጋችሁ በዩኤስቢ ወይም በብሉቱዝ ነው። ባትሪም የላትም። ለኛ ሀገር መብራት እኔ የምመርጠው የተሰበረውን ላፕቶፕ ነው።

ዴስክቶፑን በምስል ማየት ለሚፈልግ፣ የሩቁን ማሽን ስክሪን በኔትወርክ የሚያሳይ ቪኤንሲ አለ። እዚያም የሚያስቸግር ነገር አይጠፋም። አንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች ሞኒተር ካልተሰካባቸው ምስል አይሠሩም፤ የሚያዩት ስለሌለ ማለት ነው። በኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የምትገባ፣ "እኔ ሞኒተር ነኝ" የምትል ትንሽ መሰኪያ ትሸጣለች፤ ችግሩን ትፈታዋለች።

ስለ ድምፁ ሳስብ ሁልጊዜ የማስታውሳቸው ሰዎች አሉ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ኮምፒውተርን ያለ ሞኒተር መጠቀም ከኛ በፊት አሳምረው ያውቁታል። ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ የስክሪን አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን ራሱ ማየት የተሳነው ነው። ቀዳሚ አጋሩ ጄምስ ቴህም እንዲሁ። ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብ ሳይሆን አሁን የሚያስፈልገውን አሳጥሮ መናገር ሙያ መሆኑን ከነሱ ሥራ ነው የተረዳሁት። "ሁለት፣ ሦስት" ብቻ ማለቱም ከዚያ የመጣ ሐሳብ ነው።

ሰሞኑን አዲስ ድምፅ ጨመርን። ዲስኩ ከመቶ 90 ሲሞላ "ዲስኩ ሊሞላ ነው" ይላል። እህቴ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስትቀዳ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "የኔ ድምፅስ አይገባም?" አለች። የቀረ ዓረፍተ ነገር ነበር። መብራት ሲመለስ ላፕቶፑ እስከዚያ ቀን ድረስ ጢጥ ብቻ ነበር የሚለው። ስልኩን ሰጠናት። ከልብሶቹ መሃል ገባችና "እሰይ፣ መብራት መጣ" አለች። "እሰይ"ን ልቆርጠው ነበር፤ ተውኩት። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመለስ ከሶፋው ሥር የተሰማው እሱ ነው።